የኦቦ ደበላ ምሳ

ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ ወጥ መሥራት ሰለቻትና ምሳችንን በስልክ አዘዘች። የምንኖረው ቡራዩ ነው፤ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ሲዘንብ ጭቃ ሲደርቅ አቧራ በሆነ መንገድ ዳር። የሞተር ብስክሌት ድምፅ ሰምቼ በሩን ስከፍት ያመጣው ልጅ ሄዷል፤ ሌላ የሚያደርሰው ሳይኖርበት አይቀርም። ፌስታሉ ብቻውን በሩ ሥር ተቀምጧል፤ በምግቡ ሙቀት ከውስጥ አልቦታል። ጎንበስ ብዬ ማንሳት ሲገባኝ ቆሜ ቀረሁ።

«ምነው? ያላዘዝነውን አመጣ እንዴ?» አለች ባለቤቴ ከኋላዬ።

«አይ፣ ያዘዝሽው ነው» አልኳት። እየበላን ነገርኳት። እሷ ከሰማችው ሌላውም ቢሰማው አይከፋም ብዬ ይኸው እጽፈዋለሁ።

ኮሮና በገባ ዓመት የምኖረው ሱሉልታ ነበር። ያን ያህል የራቀ ዘመን አይደለም፤ ሆኖም የዚያን ጊዜው ልጅ እኔ መሆኔን አንዳንዴ እጠራጠራለሁ። ሃያዎቹን ገና የጀመርኩ ቀጭን ሯጭ ነበርኩ። ከደብረ ብርሃን የመጣሁት እንደ ብዙዎቹ ለልምምድ ነው። የሱሉልታ ከፍታና ሜዳ ለሯጭ ይስማማል። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ ማለዳ ሣሩ ላይ ያደረው ውርጭ ሳይቀልጥ ባሕር ዛፉ መሀል እንሮጥና፣ ፀሐይ ስትሞቅ ላባችን ጀርባችን ላይ እየቀዘቀዘ እትዬ የሺ ቤት እንገባለን።

እትዬ የሺ ዋናው መንገድ ዳር ጠባብ ምግብ ቤት ነበራት። ወደ ጎጃም የሚወጡ የጭነት መኪና ሾፌሮች፣ ግንበኞችና እኛ ሯጮች ነን ደንበኞቿ። ጠዋት ገንፎ፣ ቀን ምስርና ፓስታ ትሠራለች። ለሯጭ ስትጨልፍ እጇ ይከብዳል። «ይኼ ሁሉ አጥንት ሮጦ የት ይደርሳል?» ትለን ነበር።

መጋቢት ላይ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ቆመ። የመጀመሪያዬ የሚሆነው የውጭ ውድድር ተሰረዘ። ጓደኞቼ ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ሄዱ። እኔ ግን እናቴ አስም አለባት፤ በሽታውን ይዤባት እንዳልሄድ ፈርቼ ቀረሁ። ያን ሰሞን የማያስፈራ ነገር አልነበረም። የበር እጀታ ያስፈራል፤ ብር መቀበል ያስፈራል፤ ታክሲ ውስጥ ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው ያስፈራል። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ስለ ሳንባ የሚወራው ነበር። ያለኝ ሀብት ሳንባዬ ብቻ ነው። ከበሽታው ድኖ ደረጃ መውጣት ያቃተውን ሰው ታሪክ በስልኬ ያየሁ ዕለት እስኪነጋ ተገላብጬ አደርኩ።

የእትዬ የሺ ወንበሮች ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠው ተሰቀሉ። የምታሠራቸው ልጆች ሄዱ። ሾፌሮቹም መስኮታቸውን ዘግተው በፊቷ ያልፋሉ። እኔ ሳልፍ ጠርታ የበሰለውን ታበላኛለች፤ እሷ ከአንደኛው ጥግ፣ እኔ ከሌላው ጥግ ሆነን።

እንዲህ ተቀምጠን ሳለን ነው አንድ ቀን ረፋድ ላይ ኦቦ ደበላ የመጡት። ኦቦ ደበላ ጡረታ የወጡ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ባለቤታቸው ሞተውባቸው ከከተማው በላይ አዲስ በተሠራው መንደር ብቻቸውን ይኖራሉ። አንዲት ልጃቸው ጫልቱ ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ደጃፉን ሳያልፉ ከውጭ ቆመው፦

«አካም ቡልቴ፣ የሺ?» አሉ።

«ተመስገን፣ ኦቦ ደበላ። እንደሚያዩት ነው። ልዘጋው ነው።»

«አትዘጊም» አሉ፤ እንደ ቀላል ነገር። «ዕድሜዬን ሙሉ የበላሁት መንገድ ላይ ነው። ሾፌር ከተማን የሚያውቀው በምግብ ቤቱ ነው። ምግብ ቤቱ የተዘጋበት ከተማ ላይ ማንም አይቆምም፤ ጥሩምባውን ነፍቶ ያልፋል። እኛ መምጣት ከፈራን ምግቡ ይምጣልን።»

እዚያው ፀሐይ ላይ ቆመው ለጎረቤቶቻቸው ይደውሉ ጀመር። ለአንዱ በኦሮምኛ፣ ለሌላው በአማርኛ፣ ለሁሉም የሚሉት ግን አንድ ነው፦ «ይቺ ሴት ብትዘጋ ነገ ማን ያበላናል? ምሳችሁን ከእሷ እዘዙ።» ማን ያድርስ የሚለው ሲነሳ እትዬ የሺ ወደ እኔ አገጯን ቀሰረች። «እግር ያለው ይኸውና እዚህ ተቀምጧል።»

ሥራው እንዲህ ተጀመረ። ምግቡ በፕላስቲክ ዕቃ ይታሸግና ፌስታል ውስጥ ይገባል፤ እኔ የልምምድ ቦርሳዬ ውስጥ ደርድሬው ዳገቱን እወጣለሁ። ወጥ ይዞ መሮጥ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ትከሻ መንቀሳቀስ የለበትም። አሠልጣኜ ስንት ጊዜ ነግሮኝ ያልገባኝን ነገር የእትዬ የሺ ሽሮ አስተማረኝ። ደጃፍ ላይ አስቀምጬ በሩን በጠጠር አንኳኳለሁ፤ ከዚያ ወደ ኋላ እርቃለሁ። በሩ ጥቂት ይከፈታል፤ ጓንት ያጠለቀ እጅ ይወጣል፤ ፌስታሉ ይገባል። አንዲት የባንክ ሠራተኛ ነበሩ፣ ወይዘሮ ሰናይት የሚባሉ፤ በረኪና የተሞላ መርጫ ይዘው ወጥተው ፌስታሉን ይረጩታል፣ የቆምኩበትን መሬት ይረጩታል፣ አንዳንዴም እኔን። አልቀየምኳቸውም። እኔም ቤቴ ስገባ እንደዚያው ነበር የማደርገው።

ኦቦ ደበላ ብቻ ናቸው የማይሸሸጉት። የላስቲክ ወንበራቸውን በራቸው ውስጥ አስቀምጠው ይጠብቁኛል። ሁልጊዜ የሚያዙት የሁለት ሰው ነው፤ አንዱን ከጎናቸው ያለውን ያላለቀ ቤት ለሚጠብቀው ዘበኛ ይሰጡታል። «ጉርባ፣ ዛሬ ምን አመጣህ?» ይሉኛል፤ ልጁ ማለታቸው ነው። እኔ ማዶ ቆሜ፣ እሳቸው እየበሉ፣ የወሎን ቁልቁለት፣ የጅማን ጭጋግ፣ ድሮ ያደሩባቸውን ሆቴሎች ይተርኩልኛል። በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሀል ከእትዬ የሺ ሌላ የሰው ድምፅ የምሰማው እዚያች በር ላይ ነበር።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ መሬቱ ጭስ ጭስ በሚልበት ቀን፣ ወንበራቸው ባዶ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። ምሳውን አስቀምጬ አንኳኳሁ። የሉም። ፀሎት ላይ ይሆናሉ ብዬ ሌሎቹን ቤቶች ላዳርስ ሄድኩ። ስመለስ ፌስታሉ እንዳለ ተቀምጧል፤ አንድ ውሻ ያሸተዋል። ስልካቸው ላይ ደወልኩ። ቤት ውስጥ ሲጮህ ሰማሁት። ጮኾ ጮኾ ቆመ። ከዚያ ሳል መጣ። ያን የመሰለ ሳል ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም፤ እርጥብ ጆንያ መሬት ላይ ሲጎተት ይመስላል።

ዘበኛው ካልተለሰነው ግድግዳ በላይ ብቅ አለ። ማስኩን በእጁ ይዞ አፍንጫው ላይ ጫን አድርጎታል። «እንዳትገባ» አለኝ። «ትናንትም ሲያስሉ ነበር። ወደ ነፃ መስመሩ ደውያለሁ። ይመጣሉ ብለዋል።»

«መቼ?»

«እንጃ።»

ለእትዬ የሺ ደወልኩላት። ነገሩን ሳልጨርስላት «ነጠላዬን ላድርግና ልምጣ» አለች። እትዬ የሺ ስኳር ያለባት ሴት ናት። እሷን በሽታው ቢይዛት እንደማትተርፍ እኔም፣ እሷም እናውቃለን። «አትምጪ፣ እኔ አለሁ» አልኳት። ይህን ያለው አፌ ነው፤ እግሬ አልሰማውም ነበር። ለረጅም ጊዜ በሩ ላይ ቆምኩ። በመጨረሻ በክርኔ ገፋሁት።

ቤቱ ጨለም ብሏል፤ የታፈነ የላብ ሽታ አለው። ኦቦ ደበላ አልጋቸውና በሩ መሀል ወለል ላይ ወድቀዋል። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ሲተነፍሱ ትከሻቸው ከፍ ዝቅ ይላል፤ አየሩ ግን የሚገባላቸው አይመስልም። እኔ ትንፋሽ አውቃለሁ። ውድድር ጨርሶ የወደቀ ሰው ትንፋሽ ቀስ በቀስ ይመለሳል። የእሳቸው አይመለስም።

ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ። «ሂድ» አሉ። «አትቅረበኝ፣ ጉርባ። አንተ ሯጭ ነህ። ሂድ።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን ለመናገር ይከብደኛል። ማስኬን በሁለት እጄ ፊቴ ላይ አጥብቄ ይዤ፣ የራሴን ትንፋሽ እያዳመጥኩ ነበር። ከዚያ ውኃ ፈለግኩ። ሳጠጣቸው አገጫቸው ላይ ብዙ ፈሰሰ፤ ትንሽ ዋጡ። ቀና ላደርጋቸው ብብታቸው ሥር እጄን ሳስገባ አሳላቸው። ሙቀቱ አንገቴ ላይ አረፈ። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ።

ባጃጅ ጠራን፤ አንዱ ቆሞ ምን እንደሚያማቸው ሲሰማ አዙሮ ሄደ። ሁለተኛው ከነጭራሹ አልቆመም። ዘበኛው ወደ ግቢው ገባና ሲሚንቶ የሚያመላልሱባትን ባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪ እየገፋ አመጣ። በሩ ላይ አቆማትና ራቅ አለ። የራሱን ብርድ ልብስ ወረወረልኝ። «አንጥፍላቸው» አለ።

ኦቦ ደበላን ጋሪው ውስጥ አጋድሜ ቁልቁለቱን ጀመርኩት። ሊገለበጡብኝ ነው እያልኩ፣ ክንዴ እየነደደ፣ ጎማው ጭቃ ሲይዘው እየጎተትኩ። ከፊታችን በሮች ይዘጋሉ። እናቶች ልጆቻቸውን ይሰበስባሉ። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ሰው ሁሉ ወደ ማዶ ተሻገረ። እትዬ የሺ ደጃፏ ላይ ቆማ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ አየችን። እንዳትቀርብ በጭንቅላቴ ምልክት ሰጠኋት። ኦቦ ደበላ በየመሀሉ አንዲት ቃል ይላሉ፦ «ጃባዹ።» በርታ ነው። ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላወቅኩም።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ነጭ የለበሱ ሰዎች ተቀበሉን። እሳቸውን አምቡላንስ ወደ አዲስ አበባ ወሰዳቸው። እኔን አፍንጫዬ ውስጥ ናሙና ወስደው፣ ውጤቱ እስኪመጣ ከቤትህ እንዳትወጣ አሉኝ።

የዚያች ክፍል ነገር እስከ ዛሬ በሕልሜ ይመጣብኛል። ያን ሰሞን ስነቃ መጀመሪያ የማደርገው ትንፋሼን ስቤ መያዝ ነበር፤ ደረቴ ይጠብ እንደሆን ለማየት። ሽታ እንዳልጠፋብኝ ለማረጋገጥ ሳሙና አሸትታለሁ። ጉሮሮዬ ሲደርቅ መጣ እላለሁ። አከራዬ ከግቢው የውኃ ቧንቧ እንዳልቀዳ ከለከሉኝ፤ በባልዲ ራሳቸው እያመጡ በሬ ላይ ያስቀምጡልኛል። መፍራታቸውንም ማዘናቸውንም ከኮቴያቸው አውቀዋለሁ። እትዬ የሺ ምግብ ታመጣና በመስኮቱ በኩል ትናገረኛለች።

«ሰው ያዛል?» አልኳት አንድ ቀን።

«አንተ ብላ» አለችኝ። ነገሩ ገባኝ። ያ ምግብ የሚያደርሰው ልጅ በሽተኛ ነክቷል የሚል ወሬ መንደሩን ዞሮታል። አንድም ቤት አላዘዘም። ኦቦ ደበላ ያቆዩት ቤት በእሳቸው መታመም ሊዘጋ ነው።

የእኔ ውጤት ነፃ ሆኖ መጣ። መደሰት ሲገባኝ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በዚያው ሳምንት ኦቦ ደበላ ማረፋቸው ተሰማ። ድንኳን አልተተከለም። ልጃቸው ጫልቱ ቀብራቸውን ከሩቅ ቆማ አየች አሉ።

አርባቸው ሲደርስ ጫልቱ ከሰበታ መጣች። ክረምቱ ገብቷል፤ ቱታዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። በቀጥታ እትዬ የሺ ቤት ገባችና ከተገለበጡት ወንበሮች አንዱን አውርዳ ተቀመጠች።

«የአባቴን አርባ ማውጣት ፈልጌ ነበር» አለች። «ሰው መጥራት አይቻልም። ለየቤቱ ይላክልኝ።»

እትዬ የሺ አንገቷን ደፋች። «የኔ እናት፣ ከእኔ ቤት የወጣ ምግብ አሁን ማን ይበላል ብለሽ ነው?»

«አባቴ የበላው ከዚህ ነው» አለች ጫልቱ። «እዚህ ነው የሚሠራው።»

ሌሊቱን ሽንኩርት ሲከተፍ አደረ። በነጋታው ያንኑ ቦርሳ አዝዬ በዝናብ ዳገቱን ወጣሁ፤ ጫልቱ ከጎኔ። እያንዳንዱ በር ላይ «የኦቦ ደበላ አርባ ነው» ትላለች፤ ሌላ ነገር አትጨምርም። እሷ ባለችበት የሰውን ፊት ማየት ፈርቼ ወደ መሬት ነበር የማየው። ሁለት በሮች አልተከፈቱም። አንድ ሰው ከፍቶ ይቅርታ ብሎ ዘጋ። ዘበኛው ግን ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ዝናቡ እየመታው፣ እዚያው ከፍቶ በላ። ወይዘሮ ሰናይት በሩን ሲከፍቱ መርጫው በእጃቸው አልነበረም። ፌስታሉን ከጫልቱ እጅ ተቀበሉና «ነፍሳቸውን ይማር» አሉ። ይብሉት ይጣሉት አላውቅም። በማግስቱ ግን ለእትዬ የሺ ደወሉ፤ የአንድ ሰው ምሳ አዘዙ። ከዚያ ቀስ እያለ ሌላውም ተከተለ።

የእትዬ የሺ ቤት ዛሬም አለ። እኔ ሩጫውን ብዙ አልገፋሁበትም። ውድድር ላይ ትንፋሼ ሲያጥር ያ ጨለማ ቤት ይመጣብኛል፤ እግሬ ይዝላል። አሁን ልጆች አሠለጥናለሁ።

ባለቤቴ ታሪኩን ስትሰማ «ጎበዝ ነበርክ» አለችኝ። ሱሉልታ ያሉትም ያኔ እንዲሁ ይሉኝ ነበር። እኔ ግን ኦቦ ደበላ ወለል ላይ ሆነው ያዩኝን ያቺን ቅጽበት ነው የማስበው። ጥግ ላይ ቆሜ፣ ጡንቻዬ ሁሉ ለመሮጥ ተዘጋጅቶ ነበር። «እባክህ፣ እርዳኝ» ብለውኝ ቢሆን፣ ከዚያ በር ወጥቼ ደብረ ብርሃን እስክገባ የምቆም አይመስለኝም። እሳቸው ግን «ሂድ» አሉኝ። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ትንፋሽ፣ ያሰቡት ለእኔ ነው። ከዚያ በኋላ መሄድ አልቻልኩም።