የሞንጂ ሽቶ ቤት

እኛ የቱኒዚያ ጠረፍ ሰዎች ደስ የማይል ነገርን በስሙ አንጠራም። ከሰሉን «ነጩ» እንለዋለን፤ የከተማው ፍሳሽ የሚጣራበትን ጣቢያ ደግሞ «ሽቶ ቤት»። ጎረቤቴ ሞንጂ እዚያ ነው የሚሠራው። ከየቤታችን የመጣውን ጉድ በረጅም መንሽ ከወንፊቱ ላይ ያነሳል፣ ለገንዳዎቹ አየር ይለቃል፣ የጠራውን ውሃ ወደ ባሕር ይሰዳል። ከሥራ ሲመለስ ሁለቴ ይታጠባል፤ ያም ሆኖ መስጊድ ውስጥ አጠገቡ የሚቆመው ሰው ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ሰው መቼም ውለታ አያውቅ! እሱ ግን አንድም ቀን ሲያማርር አልሰማሁትም።

ልጁን ሪምን ከማዶ ደሴት አንድ ዓሣ አጥማጅ ወደዳት። እናቱ ለላ መብሩካ («ለላ» በእኛ ዘንድ እመቤት እንደ ማለት ነው) ልጅቱን ሊጠይቁ ባሕር ተሻግረው መጡ፤ ባላቸው የሞተባቸው፣ በቀላሉ የማይሸነገሉ ሴት ናቸው። ሁሉ ነገር አምሮ፣ ሻዩም ተጠጥቶ ሊነሱ ሲሉ ወደ ሞንጂ ዞር አሉና፣ የሠርጉ ሽቶ ከእሱ መሥሪያ ቤት ቢመጣላቸው ደስ እንደሚላቸው ተናገሩ። ለካስ ሽቶ ቤት ይሠራል ሲባል ሰምተው እውነት መስሏቸው ኖሯል!

ሻይ ላቀርብ የተጠራሁት እኔ ሳቄን በሻሼ አፈንኩት። የሞንጂ ሚስት ዛኪያ ግን ፊቷ አመድ መሰለ፤ ባሏ አፉን ሳይከፍት «እሺ፣ ምን ገዶን» ብላ ሸኘቻቸው። በሩ እንደተዘጋ፣ አንድ ጠርሙስ ገዝተን እንስጥና ነገሩ ተዳፍኖ ይቅር አለች። ሪም አለቀሰች። የፍሳሽ ጠራጊ ልጅ መሆኔን ካወቁ ይተዉኛል ብላ ነው። እኔም ይተዉአታል ባይ ነበርኩ፤ ምን ይዋሻል።

ሞንጂ ሁላችንንም ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ልጄን በውሸት አልድርም» አለ።

በማግስቱ ለላ መብሩካ ጀልባ ከመሳፈራቸው በፊት ወደ ጣቢያው ወሰዳቸው፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ገና ከበሩ ሽታው ሲቀበላቸው አፍንጫቸውን ያዙ።

«ሽቶዬ ይኼ ነው፣ ለላ» አላቸው። «ሽቶ ቤት የሚሉት የሰፈሩ ቀልድ ነው።»

እጃቸውን ከአፍንጫቸው ሳያነሱ ከገንዳ ገንዳ ተከተሉት። ያ ረቢ፣ እንዴት ያለ ጭንቅ ነው! እኔ በልቤ ሠርጉን ቀብሬ ጨርሻለሁ።

መጨረሻው ቦይ ጋ ስንደርስ ውሃው ጠርቶ ወደ ባሕር ይወርዳል። ለላ መብሩካ ብዙ አዩትና፣ ዱሮ ይኼ ሁሉ የት ይሄድ ነበር ብለው ጠየቁ። ጣቢያው ሳይሠራ በፊት እንዳለ ባሕር ይገባ እንደነበር ሞንጂ ነገራቸው። ያን ጊዜ ስለ ባላቸው አወሩን። መረቡን በሳበ ቁጥር የእኛን ከተማ ቆሻሻ ይዞ ይወጣ ነበር፤ ሰውዬው እየተራገመ ያጥባል፣ ዓሣውንም የሚገዛው የለም። ኋላ አንድ ዓመት፣ ሳይታሰብ፣ መረቡ ንጹሕ ሆኖ መውጣት ጀመረ።

«የደሴታችን ወሊይ ዱዓችንን ሰሙ ብለን በግ አረድንላቸው» አሉ። «በጉ ያንተ ነበር ለካ፣ ወንድሜ።»

ሞንጂን ያን ሁሉ ዘመን ሲሠራ አንድ ሰው እንኳ አመስግኖት አያውቅም። ፊቱን አዙሮ ዓይኑን በእጅጌው ሲጠርግ አየሁት። ለላ መብሩካ አይተው እንዳላዩ ሆኑና፣ «በል እንግዲህ፣ ቀኑን እንቁረጥ» አሉት።