የትሎቹ ምስክርነት

ገበሬ ነኝ፤ በሰፈራችን ሰው ሲሞት ግን አጥቦ ገናዡ እኔ ነኝ። ይኸው ሙያዬ ወንድሜን ሊያሳጣኝ ነበር።

ብቻውን የሚኖረው የድንበር ጎረቤታችን ከዘንገና ሐይቅ በላይ ካለው ጫካ ራሱን ተፈንክቶ፣ ሞቶ የተገኘው ከሚካኤል ዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ለማርያም ነው። እኔም የዋሁ፣ ፖሊስ ሲጠይቀኝ፣ «በሚካኤል ማግስት ጠዋት ጉሙ ውስጥ አግኝቼው ሰላም ተባብለናል» አልሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም! ታናሽ ወንድሜ ከሟች ጋር በድንበር ይካሰስ ነበር፤ ወር ሙሉ ጫግኒ ሰንብቶ የገባውም ለሚካኤል ነው። በእኔው ቃል እንጅባራ ወስደው አሰሩት።

ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን አንድ ወጣት የአስከሬን መርማሪ መጣ።

«አባቴ፣ ሬሳው ላይ ትል አልነበረም?»

«ምን ያለ ጥያቄ ነው! ነበረ እንጂ። በፈላ ውሃ አጥቤ አጸዳሁት።»

ራሱን ያዘ። «ምስክሮቹን ቀቅለው ደፉብኝ!» አለ። ዝንብ ሬሳ ላይ ፈጥና ነው እንቁላሏን የምትጥል፤ የትሉ ዕድሜ ከታወቀ ሰውየው ከሞተ ስንት ቀኑ እንደሆነ ይታወቃል አለኝ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

የሟች ጋቢ ግን ነበረ። ደም የነካው ልብስ እርቅ ሳይወርድ አይታጠብም፤ ከጎተራው ጀርባ ሰቅየዋለሁ። መርማሪው ሲያራግፈው ከጥለቱ ውስጥ ስንዴ የመሰሉ ቡናማ ፍሬዎች ረገፉ። ትሉ ዝንብ ሊሆን ሲል ተጠቅልሎ የሚተኛባቸው ናቸው አለ። የተሰቀለበትን ሦስት ቀን ቀነሰና፣ «በዚህ ብርድ እዚህ ለመድረስ ከግማሽ ወር በላይ ይፈጃል። ሰውየው የሞተው ወንድምዎ ጫግኒ ሳሉ ነው» አለኝ። ተንበርክኬ መሬቱን ሳምሁ።

«ታዲያ በሚካኤል ማግስት ያዩት ማን ነው?» አሉኝ ፖሊሶቹ።

«ተሳስቻለሁ፤ ሌላ ሰው አይቼ ነው» ብዬ ፈረምሁ። ወንድሜ በባጃጅ ቤቱ ገባ፤ እልል ተባለ።

አልተሳሳትሁም። ያን ጠዋት ሟች ራሱ ያንኑ ጋቢ ደርቦ ፊት ለፊቴ ቆሟል፤ ፊቱን አይቼዋለሁ።

«ወንድምህ ከጫግኒ ገባ ወይ?» አለኝ።

«ትናንት ገባ» አልሁት።

«ቆየብኝኮ» አለና ወደ ሐይቁ ወረደ።

ወንድሜ ዛሬም እዚያው ድንበር ላይ ብቻውን ነው የሚያርስ። ሟች ስለ እሱ እንደጠየቀኝ ልነግረው እየፈለግሁ፣ ፈርቼ አልነገርሁትም።