የዶክተር ራሻ ክኒንና የእኔ ጭማቂ

ባሌ ሙሕየዲን በሊባኖሷ ሳይዳ ከተማ አሮጌው ገበያ ውስጥ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሰንዩራ የሚባል ብስኩት ሲጋግር ኖሯል። ሰንዩራ ዱቄት፣ ስኳርና ቅቤ ነው፤ ይበልጡን ቅቤ። እሱ ደግሞ አፍንጫውን አያምንም፤ ቅቤውን በጣቱ ዝቆ ካልቀመሰ ሊጥ አይነካም። ጠዋት አንድ ጣት፣ ከቀትር በኋላ አንድ ጣት። "የአባቴ አሠራር ነው" ይላል። አባቱ በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ልባቸው ቀጥ ብሎ እዚያው ምድጃው ፊት መሞታቸውን ግን አያነሳም።

እኔ ሚስቱ ናዚራ፣ ኡም ነዲም፣ የነዲም እናት፣ ሃያ ዓመት ሙሉ "ይህን ጣትህን ሰብስብ" እያልኩ ኖርኩ። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ። እሱ እቴ! ጆሮ ዳባ ልበስ። ባለፈው ክረምት ደሙን ሲመረመር ኮሌስትሮሉ ሐኪሙን ራሱን አስደነገጠው። ስታቲን የሚሉት ክኒን ታዘዘለት፤ ማታ ማታ አንድ፣ ምናልባትም ዕድሜ ልኩን። ወረቀቱን ይዞ ወደ ሰፈራችን መድኃኒት ቤት ሄደ። የእኔም መከራ የጀመረው ያን ቀን ነው።

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ራሻ ትባላለች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ አላገባችም፤ ቅንድቧን በደንብ ትሠራዋለች። እኛ ዘንድ መድኃኒት የሚሸጥ ሁሉ "ዶክተር" ነው፤ ሰው ከሐኪሙ ይልቅ እሱን ያምናል። ሙሕየዲን እዚያ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ተመለሰ።

"ዶክተር ራሻ ቅቤ መቅመስ ይተዉ አለችኝ።"

"እና?"

"ተውኩ።"

ተውኩ! እኔ ሃያ ዓመት የጮህኩበትን እሷ አንዴ ተናግራ አስጣለችው። ቆሽቴ አረረ። ከዚያ በኋላማ ቤታችን ከእሷ ስም በቀር ሌላ አይሰማበትም። ዶክተር ራሻ በእግር ሂድ ብላለች። ዶክተር ራሻ ክኒኑን በሰዓቱ ዋጥ ብላለች። ለክኒኑ ብሎ ስልኩ ላይ ደወል ሞላ፤ የሠርጋችንን ቀን አንድም ዓመት ያላስታወሰ ሰውዬ! በየወሩ መድኃኒቱን ሊያመጣ ሲሄድ ደግሞ ጺሙን ይላጫል።

"ለክኒን ነው የምትላጨው?" አልኩት አንድ ቀን።

"ሰው ፊት ልቆም አይደል እንዴ፣ ኡም ነዲም።"

"እኔስ ሰው አይደለሁ?"

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

እሷ ክኒን ካላት እኔ ዛፍ አለኝ አልኩ። አባቴ በተወልኝ አትክልት ቦታ ሁለት የግሬፕፍሩት ዛፎች አሉ፤ ፍሬያቸው ልቡ ቀይ፣ ጣዕሙ መራራ ነው። የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ስብ ይቆርጣል ይሉታል። በማግሥቱ ጨምቄ ትልቅ ብርጭቆ ሞልቼ ሰጠሁት። ሳያጉረመርም ጠጣው። ከዚያ ወዲያ ጠዋት አንድ፣ ማታ ከክኒኑ ጋር ሌላ አንድ ሆነ። ከሁለት ወር በኋላ ደሙ ሲመረመር ኮሌስትሮሉ በግማሽ ወርዷል። ልቤ በደስታ ዘለለ።

"አየህ?" አልኩት።

"አየሁ። አላህ ዶክተር ራሻን ያቆይልን" አለ።

ያን ቀን እራት አልበላሁም። ከማግሥቱ ጀምሮ ሦስት ብርጭቆ አደረግኩት።

ቅናት አጥንት ያነቅዛል ይባላል፤ የእኔ ቅናት ያነቀዘው ግን የባሌን ገላ ነው። መጀመሪያ ጭኑን አመመው። ቀጥሎ የሰንዩራውን ትሪ ማንሳት አቃተው፤ ደረጃችንን ለመውጣት ግድግዳ መደገፍ ጀመረ። "እርጅና ነው" አለ። አንድ ጠዋት ግን ሽንቱ እንደ ሻይ ጠቁሮ አየና ፊቱ ተለወጠ። እኔም ፈራሁ። ወደ መድኃኒት ቤቱ ስንሄድ ክንዱን ይዤ ደገፍኩት። የዒድ ቀሚሴን መልበሴን፣ አምባሮቼንም ማድረጌን አልደብቅም።

ራሻ ገና ስታየው ከወንበሯ ተነሥታ እሱን አስቀመጠችው። ወደ እኔ ዞር ብላ "እንደምን ነሽ፣ አክስቴ" አለችኝ። አክስቴ! ዋጥ አደረግኩት። የሚያመውን ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቀችው፤ የሽንቱን ነገር ስትሰማ እጇ ወደ ወረቀት ሄደ።

"ዛሬ ክኒኑን እንዳይወስዱ። አሁኑኑ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ጡንቻዎ ተጎድቶ ይሆናል፤ ቶሎ ካልታየ ለኩላሊትም ያሰጋል" አለችና እየጻፈች ጠየቀችው፦ "ግሬፕፍሩት አልጠጡም አይደል?"

"በቀን ሦስት ብርጭቆ" አለ ሙሕየዲን።

"አቡ ነዲም፣ የመጀመሪያው ቀን ነግሬዎት ነበር እኮ። ግሬፕፍሩት ክኒኑ ገላዎ ውስጥ እንዲከማች ያደርጋል ብዬዎታለሁ። ረሱት?"

"አልረሳሁትም" አለ ባሌ።

"ታዲያ ምነው?"

በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። "እሷ ናት የምትጨምቅልኝ" አለ ቀስ ብሎ። "ሃያ ዓመት ሙሉ የነገረችኝን አንድም አልሰማኋት። በመጨረሻ በገዛ እጇ ጨምቃ ስትሰጠኝ አልጠጣም ልበላት? በምን አፌ?"

"አንተ ሞኝ!" ብዬ ጮህኩ። "ልትሞትብኝ ነበር እኮ!" ትከሻውን መታሁት፤ ከዚያ የመታሁበትን ቦታ ያዝኩና እንባዬ ወረደ።

አላህ ይቅር ይበለኝ፤ ባሌ መቆም አቅቶት፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን እያወቅኩ፣ በእንባዬ መሐል ቀና ያልኩት ራሻ እሱ ስለ እኔ ያለውን መስማቷን ለማየት ነው። እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ቆሟል። ሰምታለች።