የበጉና የዓሣው ጉርብትና

ባለፈው እሁድ ከሰዓት የልጅ ልጃችን ሊያ ስልኳን ወደ ሳሎናችን ጣሪያ ቀስራ፣ "አባዬ፣ ሉክ፣ እይ! ከላይ ያሉትን ኮከቦች ያሳያል" አለችኝ። እውነትም በጠራራ ፀሐይ የሰማይ ኮከብ ሁሉ ስልኳ ውስጥ ተዘርግፏል። "ይሄ በጉ ነው፣ ያ ደግሞ ዓሣው" ስትለኝ ሳቄ አመለጠኝ። በእነዚህ በሁለቱ ምክንያት ሚስት ሳላገባ ልቀር ነበር።

ቶሮንቶ በመጣሁ በሁለተኛው ክረምት ነው። ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ ምግብ ቤት ሳህን እያጠብኩ፣ ሰብለን ለማግባት ቆርጬ ነበር። እሷ እሺ ብላለች፤ ያሳደጓት አጎቷ አቶ ተሰማ ግን ኮከብ ይቆጥራሉ። የእኔንና የእናቴን ስም ፊደል ደምረው፣ በአሥራ ሁለት ገድፈው፣ "እሱ ሐመል ነው፣ በጉ፤ እሳት። እሷ ሑት ናት፣ ዓሣው፤ ውሃ። ትዳራቸው አይጸናም" አሉና ሽማግሌዎቼን በሻይ ሸኟቸው። በዚያ ውርጭ እሳት ሆኖ መገኘት ለምን ነውር እንደሆነ ዛሬም አይገባኝም።

በዚያ ዘመን የከተማው ሰው የኮከብ ፍቅር ይዞት ነበር። መሃል ከተማ፣ ጉልላቱ ላይ ሰማይ የሚያሳይ አዳራሽ ነበረ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ፍቅረኛሞችና ልጅ የያዙ እናቶች በብርድ ተሰልፈው ይገባሉ። አቶ ተሰማ ይህን ሲሰሙ፣ "ከእኔ የበለጠ ሊቅ ካለማ ይጠየቅ" አሉ። እኔም ሌላ ተስፋ ስላልነበረኝ ሰብለን ጨምሮ ለሦስታችን ቲኬት ቆረጥኩ።

እርጥብ በረዶ እየጣለ ነበር። አዲሱን ትልቅ ቀይ ጃንጥላዬን አቶ ተሰማ ላይ ዘርግቼ እኔ በሰበስኩ። አዳራሹ ውስጥ ወንበሩ ወደ ኋላ ሲተኛ፣ "ጥርስ ሊነቅሉን ነው እንዴ?" አሉ። መብራቱ ጠፍቶ ኮከቦቹ ሲወጡ ግን አማተቡ። እኔም ለአፍታ ጭንቀቴን ረሳሁት።

በመጨረሻ አስረጂው "ጥያቄ ያለው?" ሲል አቶ ተሰማ ብድግ አሉ።

"ተርጉም! ሐመልና ሑት ይስማማሉ ወይ በልልኝ። የልጅ ትዳር ነው፣ እንዳይዋሽ።"

እየተንተባተብኩ ስለ በጉና ስለ ዓሣው ጠየቅሁ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሰውዬው ግን ሁለቱን በብርሃን ቀስት እያሳየ፣ ጎረቤታሞች ናቸው አለ። ቀጥሎም፣ ይህ ከዚህ ሆነን ስናያቸው ነው እንጂ በመካከላቸው ያለው ርቀት ለብርሃን እንኳ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል አለ።

"ምን አለ?" አሉኝ አቶ ተሰማ።

"ጎረቤታሞች ናቸው አለ።"

"ይሄን ሁሉ ሲያወራ?"

"በጣም ጎረቤታሞች ናቸው አለ።"

ቀስቱን በዓይናቸው አይተውታልና መካድ አልቻሉም። ከፋሲካ በኋላ ተጋባን። ደስታዬን ትንሽ ያጎደለው፣ በዚያው ሳምንት ቀይ ጃንጥላዬ መጥፋቱ ነበር፤ አውቶብስ ላይ ረሳሁት ብዬ ስንቱን ሹፌር አስቸገርኩ። ያቺ ግማሽ ትርጉም ግን አርባ ዓመት ሆዴን ስትበላኝ ኖረች። ለሰብለም ነግሬያት አላውቅም።

እሁድ ዕለት ለሊያ ስናዘዝ ሰብለ ከመነጽሯ በላይ አየችኝ።

"ርቀቱን እኔም ሰምቼዋለሁ" አለች። "ኮሌጅ እንግሊዝኛ እማር አልነበር? ሁሉንም እንዳትተረጉምላቸው እዚያው ተቀምጬ ለማርያም ተሳልኩ።"

"ምን ተሳልሽ?"

"ጃንጥላ።"

አርባ ዓመት ሙሉ ጥፋተኛው እኔ ብቻ መስሎኝ ስሳቀቅ፣ ለካ ትዳሬ የቆመው በእኔ ግማሽ ትርጉምና በእኔው ጃንጥላ ነው።