የአራጌ ደሴት

አራጌ ባሕር አይቶ አያውቅም። ስለ ባሕር ዳርቻ ማረፊያ ግን በቆቦ ከእሱ በላይ የሚያወራ ሰው አልነበረም። የአክስቴ ልጅ ነው፤ ዋናው መንገድ ዳር ያለውን አልጋ ቤቴን ይጠብቅልኝ ነበር። ክፍሎቹ እንደማንኛውም አልጋ ቤት በቁጥር ነበር የሚጠሩት። እሱ ከመጣ በኋላ ቁጥሩን በቀለም አጠፋና በየበሩ ላይ የደሴት ስም ጻፈበት። አንዱን ማልዲቭስ፣ አንዱን ዛንዚባር፣ አንዱን ሲሼልስ አለው፤ ሽንት ቤቱ አጠገብ ያለችውን ጠባቧን ክፍል ደግሞ ኮሞሮስ አላት። የሚያድሩት ሹፌሮች መሳቂያ አደረጉኝ። ጠዋት ጠዋት "እትዬ ደመቀች፣ ማልዲቭስ ውሃ የለም" እያሉ ያበሽቁኛል። ተቆጥቼ አጥፋው አልኩት። እሺ ይለኛል፣ አያጠፋውም። በኋላ እኔም ለመድኩትና "ዛንዚባር አንሶላ ይቀየር" ማለት ጀመርኩ።

የራሱ ክፍል ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የካሌንደር ሥዕል ነው። ነጭ አሸዋ፣ ዘንባባ፣ ውሃ ላይ በእንጨት እግር የቆሙ የሣር ጎጆዎች። ሥራ ሲቀልለት ስልኩን ይዞ የእነዚያኑ ጎጆዎች ቪዲዮ ያያል። እኔን ሲያገኝ ደግሞ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ይደቅነዋል።

"እታለም፣ ይችን ቤት እያት እስቲ። ዙሪያዋን ውሃ ነው። ሰው ቢመጣ በጀልባ ነው የሚመጣ። ጀልባ ደግሞ ከሩቅ ይታያል።"

"ብታየውስ? ዋና አትችል፣ ወዴት ልትሸሽ ነው?"

"ከጀርባዬ አይመጣማ" አለኝ።

ምላሴ ረጅም ነው ይሉኛል፤ ያን ጊዜ ግን ስልኩን ከፊቴ ገፋ አድርጌ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። የሚፈራውን አውቃለሁና።

እኛ ቆላ ያለን ሰዎች የደጋ ዝናብ ነው የሚያበላን። ዝናቡ እላይ ላስታ ተራራ ላይ ይወርዳል፤ ጎርፉ በአሸዋማው ወንዝ ወደ እኛ ይመጣል፤ ገበሬው በቅጠልና በአፈር ይገድበውና ወደ ማሽላው ይመልሰዋል። በተራ ነው። ተራ የዘለለ ሰው ጉሮሮ እንደ ዘጋ ይቆጠራል። አንድ ዓመት ዝናቡ ከዳ። ጎብዬ ግድም ያለው የእነ አራጌ ማሽላ ሊያፈራ ሲል ጠወለገ። በመጨረሻ ጎርፍ ወረደ፤ ተራው የአራጌ ታናሽ ወንድም የእንዳለው ነበር። ጎረቤታቸው አለሙ ግድቡን ሰብሮ ውሃውን ወደ ራሱ እርሻ መለሰው። እንዳለው በያዘው አካፋ አናቱን መታው። አንዴ መትቶ አልተወም፤ ሰውየው ቦይ ውስጥ ወድቆም መታው። ደሙ ከጎርፉ ጋር ወደ አለሙ እርሻ ገባ። በዚያ ዓመት የአለሙ ማሽላ ተለይቶ አማረ፤ ያጨደው ሰው ግን የለም። ወፍ በላው።

እንዳለው የዚያኑ ዕለት ወደ አፋር ወረደና ጠፋ። ባሕር ተሻግሮ ዓረብ አገር ገብቷል ይላሉ፤ ባሕር በልቶታል የሚሉም አሉ። ገዳይ ከጠፋ ደሙ የሚፈለገው ከወንድሙ ነው። አራጌ ያን ቀን ዋጃ ገበያ ነበር፤ ዶሮ እንኳን ሲያርድ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው። ይህን ማን ይሰማል? የለበሰውን እንደ ለበሰ እኔ ዘንድ መጣ። ከዚያ ወዲህ አስፋልቱን አልተሻገረም።

የአለሙ ልጅ አንዷለም የአባቴ ደም ሳይመለስ ጠጉሬን አልቆረጥም ብሎ ማለ። በየገበያው ቀን ከነጎፈሬው ይመጣና ከበሬ ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት ይቀመጣል፤ ክላሹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ በሬን ሲያይ ይውላል። የሴት ግቢ ገብቶ መግደል ነውር ስለሆነ አይገባም። ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። አንድ ቀን አራጌ የእንግዳ ሻንጣ ልቀበል ብሎ ከበሩ አንድ እግሩን አወጣ። ተኩሱን ሰምቼ ስሮጥ መሬት ላይ ተቀምጦ ጆሮውን ይዟል፤ በጣቶቹ መሃል ደም ይንጠባጠባል። ጥይቱ የጆሮውን ጫፍ ወስዶ የቆርቆሮ በሬን በስቶታል። ጦርነቱ ጥሎልኝ የሄደው ቀዳዳ ሳያንስ ሌላ ተጨመረልኝ። ቁስሉ ሲሽርለት ቀለም አስመጣና ከውስጥ በኩል በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ዘንባባ ሣለበት፤ ቀዳዳዎቹ የኮኮናት ፍሬ ሆኑ። ስቄ ሞትኩ። ከዚያ ገብቼ አለቀስኩ።

እርቁን ያመጡት ሼህ መህዲ ናቸው። ሼህ መህዲ አባጋር ናቸው፤ ደም ያስታርቃሉ። በደም ጉዳይ እስላም ክርስቲያን ሳይል ሁሉም የሚሰማው አባጋርን ነው። ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ እሳቸው ያውቃሉ። አንዷለም እምቢ፣ አጎቱ አያሌው ደግሞ ከእሱ የባሰ እምቢ። በመጨረሻ ሼሁ ዱዓቸውን ወደ እርግማን ሊያዞሩት ሲሉ ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ።

አራጌ የዚያን ሰሞን እንደ ሙሽራ ሆነ። ቀን ከሌት የሚያወራው ስለ ሐይቅ ከተማ ነው።

"ማልዲቭስስ ይቅር፣ ለእኔ አይሆን። ከታረቅን ማግስት ሐይቅ እንሄዳለን እታለም። ውሃው ዳር ሎጅ አለ አሉ፣ በረንዳ ያለው። እዚያ ወንበር አወጣና ጀርባዬን ለሰው ሰጥቼ፣ ፊቴን ወደ ውሃው አድርጌ እቀመጣለሁ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ምንም። እቀመጣለሁ አልኩሽ።"

እንግዳ ረስቶት የሄደ አበባ አበባ ያለበት ሸሚዝ ነበረው፤ ለሐይቅ ብሎ አጥቦ አስቀምጦት ነበር። በእርቁ ቀን እሱኑ ከነጠላው ሥር ለብሶት አየሁ። ነጠላውን ሳብ አድርጌ ሸፈንኩለት።

እርቁ ይሆናል የተባለው አለሙ ከሞተበት ቦይ በላይ ባለው ወንዝ አሸዋ ላይ ነው፤ ደሙ በፈሰሰበት ይድረቅ ይባላል። እነሱ በወዲያኛው ዳር፣ እኛ በወዲህኛው ቆምን። የሁለቱም ወገን መሣሪያ በእነሱ በኩል ካለው ዋርካ ሥር ተከመረ፤ ሽማግሌዎች ጠባቂ ሆኑ። ወንዙ መሃል አንድ ግራር የበቀለበት የአሸዋ ጉብታ አለ። ወጉ እንዲህ ነው። ደም ያለበት ሰው ገመድ ባንገቱ አስገብቶ ከአንዱ ዳር ይወርዳል፤ ደሙን የሚፈልገው ባለደም ከወዲያ ይመጣል፤ ጉብታው ላይ ፊት ለፊት ይቆማሉ። አባጋሩ በግ ያርዳሉ፤ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ደሙን ይሻገራሉ። በጉ ሳይታረድ ቀድሞ ፊቱን ያዞረ እርቅ አፍርሷል፤ ደሙ እንደ አዲስ ይጀምራል።

ወሩ ነሐሴ ነው። የቆቦ ሕፃን እንኳን በነሐሴ ወንዝ ከመግባቱ በፊት የላስታን ሰማይ ቀና ብሎ ያያል። እኛ ያን ቀን የምናየው አንዷለምን ነበር። የእኛ ሰማይ እንደ ታጠበ ሳህን ጠርቷል፤ ተራራው ላይ ያለው ጥቁረት የታያቸውም ሽማግሌዎች እርቁ ካደረ ሰዎቹ ሐሳብ ይለውጣሉ ብለው ፈርተው ዝም አሉ።

አራጌ ጫማውን አውልቆ ለእኔ ሰጠኝ። "እታለም፣ አሸዋው ይሞቃል" አለኝና ወረደ።

ጉብታው ላይ ፊት ለፊት ቆሙ። ሼህ መህዲ በጉን እየጎተቱ ከኋላ ሲከተሉ ድምፁ ተሰማ። ጎርፍ ሲመጣ መጀመሪያ እግር ሥር ነው የሚሰማው፤ ከዚያ ብዙ መኪና አንድ ላይ የመጣ ይመስላል። ጎረምሶች ዘለው ሼሁን ከነበጉ ወደ ዳር አወጧቸው። "ተመለሱ!" ብለን ጮህን። አራጌም ሰማ፤ አንዷለምም ሰማ። ሁለቱም ንቅንቅ አላሉም። አራጌ ቢዞር እርቅ አፍራሽ ሊሆን ነው፤ አንዷለም ቢዞር ፈሪ ሊሆን ነው። እኔ እንዲህ ያለውን ወግ ያወጣውን ሰው ዛሬም ባገኘው በድንጋይ ጥርሱን አራግፈው ነበር። ውሃው ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ መጣና ጉብታውን በሁለቱም ወገን ከበበው።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። አንዷለም በኋላ ሲነግረኝ "ከሰው ስንለይ ዓይኔ ደም ለበሰ" ነው ያለኝ። ገመዱን ያዘና አራጌን አሸዋው ላይ ጣለው፤ ደረቱ ላይ በጉልበቱ ቆመና አጠበቀው። የአራጌ እግሮች አሸዋውን ሲዝቁ ይታየኛል። የምጮኸውን ጎርፉ ይውጠዋል። አፈር በላሁ፣ ፊቴን ነጨሁ፤ ምን ላድርግ?

ያኔ ጎርፉ ሥሩን የበላው የጉብታ ጠርዝ ከነአንዷለም ተናደ። እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ገመዱን ግን አለቀቀም። አራጌ በአንድ ክንዱ ግራሩን አቀፈ። ገመዱ ከአንገቱ ወደ አንዷለም እጅ ተወጠረ፤ የሰውየውም የጎርፉም ክብደት ያረፈው አንገቱ ላይ ነው። ሸምቀቆውን በራሱ ላይ ቢያወልቀው ባለደሙ ሄደለት፤ የሚፈራው ሰው በዓለም ላይ አይኖርም። እጁ ወደ አንገቱ ሲሄድ አየሁ። አውልቀው፣ አውልቀው አልኩ። ማርያምን፣ ከልቤ ነው ያልኩት። እሱ ገመዱን ጨብጦ ወደ ላይ ሳበው። ግራሩን በእግሩ ተደግፎ፣ አንገቱ እየደማ፣ እየተንደፋደፈ ጎትቶ አወጣው። አንዷለም በሆዱ ተዘርግቶ ውሃ ሲተፋ አራጌ ገመዱን አውልቆ አጠገቡ ተቀመጠ። ነጠላውን ጎርፍ ወስዶታል፤ ያ አበባማ ሸሚዝ ብቻ ቀርቷል። ፊቱን ወደ ውሃው አደረገ። ጀርባውን ለእነሱ ዳር ሰጠ።

አያሌው ከወዲያኛው ዳር ሲያይ አንዷለም ተዘርግቷል፣ ገመዱ አራጌ አጠገብ ነው፤ ወንድሙን የገደለበት ቤት የወንድሙንም ልጅ በገመድ አንቆ የገደለበት መሰለው። ሽማግሌዎቹ ጎርፉን ሊያዩ መሣሪያውን ትተው ዳር ወርደዋል። ሮጦ ክላሹን አነሳ። ያየሁት አራጌ ወደ ፊት ሲደፋ ነው፤ ድምፁን ከዚያ በኋላ ሰማሁት። ጥይቱ በሁለቱ ትከሻዎቹ መሃል ገብቶ በደረቱ ወጣ። አያሌው ደገመው። የወደቀውን ሰው ሦስተኛ ሊደግም ሲል አንዷለም ተነሥቶ እጆቹን ዘርግቶ ፊቱ ቆመ፤ ያኔ አያሌው ክላሹን ጣለና አሸዋው ላይ ተቀመጠ።

ውሃው እስኪጎድል አንዷለም የአራጌን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ ቆየ። ከዚያ አዝሎት ወደ እኛ ዳር መጣ፤ ወደ እነሱ አልሄደም። የእኛ ጎረምሶች ድንጋይ ይዘው ተቀበሉት። አንዱ ግንባሩን ፈለጠው፤ አስከሬኑን ግን አልጣለም። ሼህ መህዲ መሃል ገብተው "አስተግፊሩላህ፣ በቃ" እያሉ ኩታቸውን አነጠፉ።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ስንት ሞተ? ከዚያ አንድ፣ ከዚህ አንድ። ደሙ ተካካሰ ተባለ። በጉ ከጎርፉ ተርፎ ነበርና እዚያው ታረደ፤ የእኛ ወንዶችና የእነሱ ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ተሻገሩት። አራጌ አጠገባቸው ተጋድሟል። እኔ አልተሻገርኩም። ሂሳባችሁን ውሃ ይብላው ብዬ ሬሳዬን ይዤ ገባሁ።

አንዷለም ከአርባው በኋላ ግቢዬ መጣ። ጎፈሬውን ተላጭቶታል፤ ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለ። የምድጃ እንጨት አንስቼ መታሁት። ትከሻውን መታሁት፣ ክንዱን መታሁት፤ ሲደክመኝ ቆሞ ነበር።

"ምን ፈልገህ መጣህ?"

"አራጌ ያለኝን ልነግርሽ ነው። ውሃ ስተፋ 'አይዞህ፣ እዚህ ሰው አይመጣብንም' አለኝ። ወዲያው ተመታ።"

እንጨቱን ጣልኩ። ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ የቀረውን ነገረኝ።

ሐይቅ ሄድኩ። ሎጁ አራጌ እንደነገረኝ ነው፤ ውሃው ሰፊና ጸጥ ያለ፣ በረንዳውም አለ። ስለ እሱ ልቀመጥለት ብዬ ወንበር አወጣሁና ፊቴን ወደ ውሃው አደረግሁ። ከኋላዬ ሰው ሲራመድ ማጅራቴ ቀዘቀዘ። ሌላው ሲያልፍ ዞሬ አየሁት። ተነሥቼ ወንበሩን አዞርኩትና ጀርባዬን ለውሃው ሰጥቼ፣ በሩን እያየሁ ተቀመጥኩ።

አስተናጋጁ ሻይ ይዞ መጣ። "እናቴ፣ ሐይቁ እኮ በወዲያ በኩል ነው" አለኝ።

"አውቃለሁ" አልኩት።