ግራን የማታውቀው ፕሮፌሰር

በሆቴሉ ምድር ቤት አሥራ አንድ ዓመት አንሶላና የእንግዳ ልብስ ያጠበችው ሴት ቅጽል ስሟ ፕሮፌሰር ነው። ስሙን ያወጣችላት ካውያ ተኳሿ ባልደረባዋ ናት፤ እሷ ደግሞ ከእጇ ካውያ፣ ከአፏ ወሬ ተለይቷት የማያውቅ ሴት። ለስሙ ምክንያት የሆነው አንድ እንግዳ ጥሎት የሄደ የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ነው። ምን ያደርጋል፣ አጣቢዋ እጅ ሲገባ የፊተኛው ግማሽ ተገንጥሎ ጠፍቷል። ሀ ብሎ የሚጀምረው ከኤም ነው።

እሷ ግን ጎደለ ብላ አልናቀችውም። ማሽኑ እስኪጨርስ እያነበበች እስከ ዜድ ወጣችው። በተለይ ጉድ ጉዱን መልቀም ትወዳለች። ደረቅ መሬት ዝናብ ሲነካው የሚሸተው ሽታ ፔትሪኮር ይባላል። ከአፍንጫ እስከ ላይኛው ከንፈር ያለችው ቦይ ፊልትረም ናት። እንግዳ መጣ ሲባል ቤቱን በጥድፊያ ማሰናዳት ስከሪፈንጅ ነው። የሰው ወሬ ካልሰማ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ደግሞ ኩዊድነንክ። ይህን ለተኳሿ ስትነግራት፣ «እኔን ነው?» ብላ ካውያውን አስቀመጠች።

«መጽሐፉ ስም አልጠራም። ራስሽ አቤት አልሽ።»

እንዲህ ስትቀልድ ዓመታት ሄዱ፤ ሳሙናውም ጣቶቿን በላቸው። ሐኪሙ እጇን ከውሃ ካላወጣች ጣቶቿ እንደማይዘረጉ ቁርጡን ነገራት። በዚያው ሳምንት የእንግዳ መቀበያ ክፍል ሠራተኛ ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ ወጣ። ወገቧን ታጥቃ ተመዘገበች።

ሥራ አስኪያጁ ፈተናውን የጀመረው ከቀላሉ ነው፤ ምግብ አዳራሹ የት ነው ብሎ ለሚጠይቅ እንግዳ ምን ትያለሽ አላት። አዳራሹ በስተግራ ነው። የእንግሊዝኛው ግራ ግን በጠፋው ግማሽ ውስጥ ቀርቷል፤ ያላት ቀኝ ብቻ። ትንሽ አሰበችና፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ አሁንም ቀኝ ብላ አዞረችው። ሥራ አስኪያጁ ተነስቶ ሦስቴ ወደ ቀኝ ቢዞር ፊቱ አዳራሹ ላይ አረፈ።

ውጡ ማለትን ታውቃለች፤ ግቡ ማለትን አታውቅም። ወደ ላይ ታውቃለች፤ ወደ ታች የለም። ቁልፍ የለም፣ አልጋ የለም፣ ቁርስ የለም። የዝናብ ሽታ ግን አለ።

ሥራ አስኪያጁ ሳቁን ዋጥ አድርጎ እውነቱን ጠየቃት። ሳትደብቅ ስለ መጽሐፉ ነገረችው።

«እህቴ፣ በግማሽ ቋንቋ እንግዳ አይስተናገድም» አላት። «ሰኞ ኮሌጅ የጨረሰ ልጅ ይመጣል።»

«ሰኞ እኔም እመጣለሁ። የቀረውን ይዤ።»

አፏ ተናገረ እንጂ ከየት እንደምታመጣው አታውቅም። አራት ቀን ነው ያላት። ምድር ቤት ወርዳ የመጀመሪያውን የልብስ ከረጢት ስትፈታ፣ እንግዳው ስለ ልብሱ የሞላው ወረቀት እንደ ወትሮው ወደቀ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከዚህ ወረቀት ላይ የክፍሉን ቁጥር ብቻ ስታይ ኖራለች፤ ሥራ እንጂ ቃል ነው ብላ አስባው አታውቅም። አሁን አነሳችና አነበበችው። እጅጌ የሚለውን ታውቃለች፤ ጠፍቷል የሚለውንም። ሁለት ቃላት ጨለሙባት። ሸሚዙን ብትዘረጋው የግራው እጅጌ ቁልፍ የለውም። ግራ ተገኘች!

የቆዩ ወረቀቶች የታጨቁበትን ካርቶን ጎትታ አወጣች። ያልገባትን ተኳሿን ትጠይቃለች፤ ተኳሿ እንግሊዝኛ ባትችልም የቱ እንግዳ በምን እንደተቆጣ አንድም አልረሳችም። ይኼ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ ያለው ነው፣ ያቺ በእጅ እጠቡልኝ ያለችው ናት እያለች ወሬዋን ስታወርድ፣ ፕሮፌሰር በደብተር ትጽፋለች። በአራት ቀን ደብተሩ ሞላ።

ሰኞ ሁለቱ ተፈታኞች መቀበያው ጋ ቆመው ሳለ አንድ እንግዳ ኮሌታው የተቃጠለ ሸሚዝ ይዞ እየጮኸ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ኮሌጅ የጨረሰውን በዓይኑ ጠቀሰው። ልጁ ይቅርታውን እንደ ንግግር አንበለበለው፤ ያማረ እንግሊዝኛ ነው። ሰውየው ግን ይባስ ጮኸ።

ፕሮፌሰር ሸሚዙን ተቀበለችው።

«ኮላር ባድ። አይረን ሆት። አይ ጎ፣ አይ ብሪንግ። ቢፎር ፋይቭ።»

ኮሌታው ተበላሽቷል፣ ካውያው ግሎ ነው፣ ሄጄ አመጣዋለሁ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ማለቷ ነው። ሰውየው ሰዓቱን አየና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ምድር ቤት ወርዳ ኮሌታውን በምላጭ ፈታችው፤ የተቃጠለውን ወደ ውስጥ ገልብጣ መልሳ ሰፋችው። ተኳሿ የራሷ ጥፋት ነውና ትንፋሿን ውጣ ተኮሰችው። አሥር ሰዓት ላይ ሸሚዙ እንግዳው እጅ ገባ። ሰውየው ገልብጦ፣ አገላብጦ አይቶ እዚያው ለበሰው።

ሥራ አስኪያጁ ሁለቱንም ተፈታኞች ጠራ። ልጁን ስለ ድካሙ አመስግኖ አሰናበተው።

«አንቺ ሦስት ወር ትሞከሪያለሽ» አላት። «ግን ሰዋስውሽ ገና ነው።»

«እሱም አብሮኝ ይሞከራላ» አለችው። ከዚያ በኋላ ወደ ምድር ቤት የወረደችው ሽርጧን ለማስረከብ ብቻ ነበር።