ጉንጫቸውን የያዙት አዛውንት

በኮሪደሩ ላይ የጥርስ ሐኪሙና የአእምሮ ሐኪሟ በሮች ፊት ለፊት ናቸው። በእሷ በኩል ያሉት ወንበሮች ሁልጊዜ ባዶ ናቸው፤ ሰው ሁሉ ተጠጋግቶ የሚቀመጠው በጥርሱ በኩል ነው። እንዲህ ጥርሱን የሚያመው ሕዝብ አይቼ አላውቅም።

አዛውንቱም ከዚያው ወገን ናቸው። ከረባታቸውን አስረው፣ ጫማቸውን አስጠርገው፣ ግራ ጉንጫቸውንና አፋቸውን በመሀረብ ይዘው ይቀመጣሉ። እጃቸው ሲደክም ሕመሙን ወደ ቀኝ ያዛውሩታል።

ዛሬ አጠገባቸው የተቀመጠች ወጣት፣ እሷም ጉንጯን እንደያዘች፣ "አባባ፣ ከጀመረዎት ቆየ እንዴ?" አለቻቸው።

"ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ነው" አሉ ከመሀረቡ ሥር። "እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም።"

"ውይ! ጥርስ ክፉ ነው።"

"ክፉ ነው፣ ልጄ።"

የጥርስ ሐኪሙ ብቅ ብሎ "ቀጣይ!" አለ። ማንም አልተነሳም። እንደለመደው አዛግቶ ተመለሰ።

ወዲያው የማዶው በር ተከፍቶ ነርሷ፣ "አባባ፣ ይግቡ" አለች።

አዛውንቱ ተነሱ። "በስህተት ነው የጠሩኝ፤ ገብቼ ላስረዳቸው" ብለው መሀረቡን ወደ ኪሳቸው ከተቱና ለወጣቷ ፈገግ አሉላት። አፋቸው ውስጥ አንድም ጥርስ የለም።

ወጣቷ አየች፤ ጉንጯንም ለቀቀች።

"እንግዲያው አባባ፣ ሲወጡ እኔንም በስህተት እንዲጠሩኝ ይንገሩልኝ።"